«ሰው ቤት» ያልሆነ የሰው ቤት

ስፓኒሽ ተናጋሪ ቤተሰብ ጋር አርፎ ሊማር ለሚሄድ ልጅ፣ ለላኪ ወላጅም

ከሚሴ ላይ «ልጅቷ ሰው ቤት ገባች» ከተባለ ሰሚው ማብራሪያ አይጠይቅም። ደሴ ይሁን አዲስ አበባ፣ ጅዳ ይሁን ሪያድ፣ የሰው ዕቃ ልታጥብና የሰው ልጅ ልታዝል ሄደች ማለት ነው። በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዓረብ አገር የሄደ ዘመድ ወይም ጎረቤት ያለው ቤተሰብ ብዙ ነው። ከባቲ ቁልቁል በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ባሕሩን ተሻግሮ ወደ የመን የሚወስደውን መንገድ ሽማግሌውም ሕፃኑም በወሬ ያውቀዋል። ስለዚህ አንዲት ልጅ የትምህርት ዕድል አግኝታ፣ ከተላከላት ወረቀት ላይ «ከአንድ ቤተሰብ ጋር ትኖሪያለሽ» የሚል ቢነበብ፣ የእናት የመጀመሪያ ጥያቄ ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። «ምን ልትሠራላቸው?»

ጥያቄው ያላዋቂ ጥያቄ አይደለም። እንዲያውም ብዙ የተማሩ ሰዎች ሳይጠይቁት የሚያልፉት ትልቅ ጥያቄ ነው። ምክንያቱም በእኛ አነጋገር ሰው ቤት የሚያድር ሰው ከሦስት አንዱ ነው፤ ወይ እንግዳ፣ ወይ ሠራተኛ፣ ወይ ዘመድ። ስፔን ወይም ላቲን አሜሪካ ሄዶ ቤተሰብ ጋር የሚያርፍ ተማሪ ግን ሦስቱንም አይደለም። ወሩን ሙሉ እንግዳ ሆኖ መቀመጥ አይችልም። ሠራተኛ አይደለም፤ እንዲያውም ከፋዩ እሱ ወይም የላከው ተቋም ነው። ዘመድም አይደለም፤ ስሙን የሰሙት ከሁለት ሳምንት በፊት በተላከ ወረቀት ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭንቀት ግማሹ ከዚህ የሚመጣ ነው።

አሠራሩን በአጭሩ ላስቀምጠው። የቋንቋ ትምህርት ቤቱ ወይም ዩኒቨርሲቲው ትርፍ መኝታ ክፍል ያላቸውን ቤተሰቦች መዝግቦ ይይዛል። ተማሪው የራሱ ክፍል፣ የቤት ቁልፍና ምግብ ይሰጠዋል። ቁርስና እራት ብቻ ከሆነ «ሜዲያ ፔንሲዮን»፣ ምሳም ከተጨመረ «ፔንሲዮን ኮምፕሌታ» ይሉታል። አንሶላ በስንት ቀን እንደሚቀየር፣ ልብስ ማን እንደሚያጥብ ሳይቀር ቀድሞ ይነገራል። ልጆች እየጠበቀችና ቤት እያገዘች በምትኩ ማረፊያና የኪስ ገንዘብ የምታገኝ ወጣት ግን «ኦ ፔር» ትባላለች። ያ የራሱ ውልና የራሱ ፈቃድ ያለው ሌላ ጉዳይ ነው። የከሚሴዋ እናት ጥያቄ የሚፈልገው መልስ ይኸው ነው፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የትኛው ነው?

ለትምህርት ብሎ ሰው ደጅ ማደር ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም፤ በተለይ ለወሎ። ከሩቅ አገር ኪታብ ሊቀራ የመጣ ደረሳ ሸኹ ዘንድ ተጠግቶ፣ የአካባቢው ሰው ከጓዳው በሚያካፍለው ቀለብ ዓመታት ሲማር ኖሯል። ከከሚሴ ብዙም የማይርቀው፣ በተራራ ላይ በድንጋይ ቤቶቹ የሚታወቀው ሾንኬ በሸኽ ጀውሃር ስም የተነሣ ስንት ደረሳ እንደጠራ የአገሬው ሰው ያውቃል። በቤተ ክህነት በኩል የቆሎ ተማሪ አለ። ደረሳም ሆነ የቆሎ ተማሪ አብልተው የሚያስተምሩትን ሰዎች እንግዳም ሠራተኛም ሳይሆን ኖሯል። «ተማሪ ነው» መባሉ ብቻውን ማዕረግ ነበረው። ልዩነቱ ደረሳው ቋንቋውንም ደንቡንም እያወቀ መግባቱ ነው።

ቋንቋውንም ደንቡንም ሳያውቁ ስፓኒሽ ተናጋሪ አገር የገቡ ኢትዮጵያውያን ታሪክም አለን፤ ያውም በሺዎች። የሶማሊያ ጦርነት በ1970 ዓ.ም ካበቃ በኋላ፣ ከ1971 ዓ.ም ጀምሮ ከሁለት ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ልጆች ወደ ኩባ ተላኩ፤ ከዚያም ሌሎች ተከተሏቸው። ብዙዎቹ አባታቸውን በጦርነቱ ያጡ ነበሩ። ያረፉት ከዋናው የኩባ ደሴት በስተደቡብ ባለች «ኢስላ ዴ ላ ኹቬንቱድ» በምትባል ደሴት ላይ ነው። የወጣቶች ደሴት ማለት ነው፤ እስከ 1970 ዓ.ም ድረስ ስሟ የጥድ ደሴት ነበር። የአንጎላ፣ የሞዛምቢክ፣ የናሚቢያና የሌሎችም አገሮች ልጆች እያንዳንዳቸው በየአገራቸው ትምህርት ቤት ነበራቸው። የቀኑ ግማሽ ክፍል ውስጥ፣ ግማሹ የብርቱካንና የግሬፕፍሩት እርሻ ላይ ያልፋል።

እነዚያ ልጆች የተቀበላቸው ቤተሰብ አልነበረም። አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር፤ ረጅም መኝታ ክፍል፣ ደወል፣ ሰልፍ፣ የደንብ ልብስ። እናት የምትባለዋ ሞግዚቷ ወይም መምህሯ ነበረች። ለአንድ ሕፃን ይህ ከባድ መሆኑ አያጠራጥርም። ግን አንድ ነገር ቀሎለት ነበር፤ በዙሪያው የተኛው ሁሉ እንደሱው ኢትዮጵያዊ ነበር። ሲርበው፣ ሲናፍቅ፣ ስፓኒሹ አልገባ ሲለው የሚያየው ጎረቤት አልጋ ላይ ያለ ልጅም እንደዚያው ነው። አማርኛና የአገሩን ታሪክ እንዳይረሳ ከኢትዮጵያ አስተማሪዎች አብረው ሄደዋል። (እዚህ ላይ ሁሌ የምጠይቀው ነገር አለ። የእናቱ ቋንቋ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ የነበረው ልጅስ? ለእሱ አማርኛውም የክፍል ትምህርት ነበር።)

ልጆቹ አድገው ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የግብርና ባለሙያ፣ መምህር ሆኑ። በ1983 ዓ.ም መንግሥት ሲለወጥ ገና ኩባ የነበሩት መላ ሕይወታቸው ተናጋ፤ የተመለሱ አሉ፣ እዚያው የቀሩ አሉ፣ ወደ ሦስተኛ አገር የተሻገሩም አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም ሲገናኙ በስፓኒሽ የሚያወሩ፣ ራሳቸውን «ኩባውያን» የሚሉ ጎልማሶች ታገኛላችሁ። ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት በ1977 ዓ.ም የተመረቀው የትግላችን ሐውልት ሥር የሞቱት የኩባ ወታደሮች ፎቶግራፍ ተደርድሯል። ስለ ጦሩ ብዙ ተጽፏል። ደሴቲቱ ላይ ስላደጉት ልጆች የተጻፈው ግን ጥቂት ነው።

የዛሬ ተማሪ እንደነሱ በሺዎች አይሄድም። በኢራስመስ ሙንዱስ ወይም በሌላ የትምህርት ዕድል ብቻውን ነው የሚሄደው። አጠገቡ ሌላ አልጋ የለም። እንግዲህ ከሚሴ ያደገች አንዲት ልጅ ስፔን ውስጥ አንድ ቤት ደጃፍ ላይ ሻንጣዋን ይዛ ቆማለች እንበል።

በሩ ሲከፈት የቤቱ እመቤት ጉንጭ ለጉንጭ ለመሳም ትጠጋለች፤ ሁለት ጊዜ፣ በግራና በቀኝ። ይሄ ለእኛ ሰው ቀላል ነው፤ ሦስትና አራት የለመደ ለሁለት አይደነግጥም። ጭንቀቱ አባወራው ለተመሳሳይ ሰላምታ ሲጠጋ ነው። የማትፈልግ ልጅ ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ፈገግ ብላ አንገቷን ዝቅ ብታደርግ ይበቃል። ይገባቸዋል፤ ቅር አይላቸውም። ይልቅ እነሱን የሚያሳስባቸው ልጅቷ ዓይኗን መስበሯ ነው። እኛ ጋ ጨዋነት ነው፤ እነሱ ጋ ግን ያዘነች ወይም የፈራች ያስመስላታል። ሌላም አለ። እኛ «አዎ» ለማለት ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን። ይህን ሰምታ የማታውቅ ሴትዮ ልጅቷ የታመመች ወይም የደነገጠች መስሏት ውኃ ልታመጣ ትሮጣለች።

ቀጥሎ ስም ይመጣል። እመቤቲቱ ስሟን ትነግራትና በስሟ ብቻ እንድትጠራት ትጠይቃታለች። ለከሚሴ ልጅ የእናቷን እኩያ በስሟ መጥራት አፍ ላይ የሚከብድ ነገር ነው። ስፓኒሽም እንደ አማርኛችን አንተና እርስዎ አለው፤ «ቱ» እና «ኡስቴድ» ይባላሉ። ልጅቷ ጨዋ ናትና «ኡስቴድ» ትላለች፤ ሴትዮዋ ግን «ቱ» በይኝ ትላታለች፤ ስፔን ውስጥ በቤተሰብ መካከል «ኡስቴድ» ማለት ሰውን ማራቅ ነውና። ኮሎምቢያ ቢሆን ኖሮ ባልና ሚስት ሳይቀሩ «ኡስቴድ» የሚባባሉበት አካባቢ አለ። ስለዚህ የሚሻለው መጠየቅ ነው፤ ከመጠየቅ በፊት ግን አክብሮ መጀመር ያዋጣል።

ከዚያ ምግብ። ብዙ ልጅ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው «ብላ» ሲባል መጀመሪያ «ጠግቤያለሁ» ይላል። ሁለተኛ ሲባል «ኧረ በቃኝ» ይላል። ሦስተኛ «በሞቴ» ሲባል እጁን ይዘረጋል። ይህ ውሸት አይደለም፤ ሁለቱም ወገን የሚያውቁት ቅኝት ነው። ስፔን ቤት ግን «ተጨማሪ ትፈልጊያለሽ?» ተብላ «ኖ» ካለች፣ ሳህኑ ይነሣል። ሰዎቹ ስስታም ስለሆኑ አይደለም፤ ቃሏን አክብረው ነው። ልጅቷ ክፍሏ ገብታ ተርቧት ታድራለች፤ በማግሥቱም እንዲሁ፤ በሦስተኛው ቀን እናቷ በኢሞ ስትደውልላት ታለቅሳለች፤ እናትም «ምግብ ይከለክሏታል» ብላ ሰፈሩን ትነግራለች። ሁሉም የሆነው አንዲት «ኖ» በመባሏ ነው። (አያት ያለበት ቤት ከሆነ ግን አትስጉ፤ የስፔን አያቶች የኛኑ ያህል ይጎተጉታሉ።)

ሰዓቱም ያሳስታል። «እራት ዘጠኝ ላይ ነው» ይሏታል። በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ከሰዓት በኋላ ነው፤ በእነሱ ዘጠኝ ግን ምሽት ነው፣ ለእኛ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት። ይባስ ብሎ ስፔኖች ምሳ የሚበሉት በእኛ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ ልጅቷ በዘጠኝ ሰዓት ስትመጣ ማዕድ ቀርቦ ታገኛለች፤ እራት በላሁ ብላም ትተኛለች። ከሄደችበት ቀን ጀምሮ የስልኳን ሰዓት ብቻ ታንብብ፤ በአእምሮዋ አታስላ።

የአሳማ ሥጋን ነገር በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ስፔን ውስጥ «ካርኔ» ማለት ሥጋ ነው። «ሥጋ የለበትም» ተብሎ ግን «ኸሞን»፣ ያም በጨው የደረቀ የአሳማ ጭን፣ ሾርባው ወይም አትክልቱ ውስጥ ተከትፎ ሊገኝ ይችላል፤ ብዙ ሰው ኸሞንን እንደ ማጣፈጫ እንጂ እንደ ሥጋ አይቆጥረውም። ስለዚህ «ሥጋ አልበላም» ሳይሆን «ኖ ኮሞ ሴርዶ፣ ኒ ኸሞን» ማለት አለባት፤ አሳማ አልበላም፣ ኸሞንም ቢሆን። ይህን ከመሄዷ በፊት በማመልከቻው ላይ ማስፈር፣ ደርሳም በመጀመሪያው ቀን መድገም ነው። ኩባም ቢሆን ዋናው የበዓል ሥጋ አሳማ ነው፤ ደግነቱ የዘወትር ምግባቸው ሩዝና ጥቁር ባቄላ ነው። ለጾመኛ ክርስቲያን ተማሪ ደግሞ አንድ ቃል ትበቃዋለች፤ «ቬጋኖ»። የጾምን ትርጉም ባይዙትም ምን ማብሰል እንዳለባቸው ወዲያው ይገባቸዋል።

ስለ ሶላት የሚያስጨንቅ ነገር የለም፤ የራሷ ክፍል አላት። አንድ ነገር ብቻ ትለምዳለች። ከሚሴ ላይ መካ ቀጥ ብላ በሰሜን በኩል ናት፤ ስፔን ላይ ግን በምሥራቅ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ። ስለ መጸዳጃ ቤት ማውራት ነውር ባይሆንብኝ ይህንንም እጨምራለሁ፤ በወረቀት ብቻ መጸዳዳት ለማይሆንላት ልጅ በብዙ የስፔን ቤቶች «ቢዴ» የሚባል፣ ለመታጠቢያ የተሠራ ዝቅ ያለ ገንዳ አለ። ከሌለ አንዲት ትንሽ ጆግ ገዝታ ታስቀምጥ። ሰውነት መታጠብ ሲሆን ደግሞ ሙቅ ውኃው በሂሳብ የሚከፈልበት መሆኑን ታስብ።

ቋንቋው ራሱ የሚፈራውን ያህል አይደለም። የከሚሴ ልጅ እኮ ቤቷ ኦሮምኛ፣ ገበያና ቢሮ አማርኛ፣ ቁርዓን ቤት ዓረብኛ፣ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ ስትሰማ ያደገች ናት። የስፓኒሽ አናባቢዎች አምስት ናቸው፤ የኦሮምኛም እንዲሁ። እንግሊዞችን የሚያስቸግራቸው «ኝ» ለእኛ የዘወትር ድምፅ ነው። ኸሞን ላይ ያለውን ድምፅ ቁርዓን የቀራ ሰው ሳይቸገር ያወጣዋል። ሙስሊሞች ስፔን ውስጥ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ711 እስከ 1492 ገዝተው ስለነበር የዓረብኛው ቅሪት ብዙ ነው። ስኳር «አሱካር»፣ ዘይት «አሴይቴ»፣ ሩዝ «አሮስ»፣ ሎሚ «ሊሞን» ነው፤ ወጥ ቤት ገብታ ገና ሳትማር ግማሹን ታውቀዋለች። «ኦኸላ» የሚል ቃል ደግሞ ትሰማለች፤ ስፔኖች «ምነው በሆነ» ለማለት ነው የሚጠቀሙበት፣ ሥሩ ግን «አላህ ቢሻ» የሚለው የዓረብኛ አነጋገር ነው። ይህን ስትሰማ አገሯ የገባች እስኪመስላት ልትስቅ ትችላለች።

የሚያሳስትም አለ። ሴትዮዋ የልብስ ቁም ሣጥኑን እያሳየች «ካሚሳ» ብትላት፣ ኦሮምኛ ተናጋሪዋ ልጅ ሐሙስ ነው የሚመስላት። ሸሚዝ ማለቷ ነው፤ የኛ «ቀሚስ» የሩቅ ዘመድ ነው። «ሳባዶ» ግን በእርግጥም ቀን ነው፤ ቅዳሜ።

ኩባ የሚሄድ ተማሪ ተጨማሪ ፈተና አለበት። ኩባውያን ከቃል መጨረሻ ያለችውን «ስ» እየዋጡ ነው የሚናገሩት። በመጽሐፍ «ማስ ኦ ሜኖስ» ተብሎ የተማረውን፣ ትርጉሙም «እንዲያው በመጠኑ» የሆነውን፣ «ማ ኦ ሜኖ» ብለው ያልፉታል። በሁለተኛው ሳምንት «ምንም አልገባኝም፣ የተማርኩት ሁሉ ከንቱ ነው» ማለት ያለ ነው። ለአንድ ሳምንት የሚመጣው ይህ ዝምታ ከድካም ነው። ቀኑን ሙሉ በባዕድ ቋንቋ መስማት ጉልበት ይጨርሳልና ምሽት ላይ ቀድሞ መተኛት ያሰኛል። ልጅቷ ግን ምክንያቱን ሳትናገር ክፍሏን ዘግታ ብትቀመጥ ቤተሰቡ «ጠላችን» ሊል ይችላል። «ኤስቶይ ካንሳዳ» ብላ፣ ደክሞኛል ብላ ብትሄድ ማንም አይቀየማትም። ወንድ ከሆነ «ካንሳዶ» ይላል።

አሁን ወደ እናትየዋ ጥያቄ፣ «ምን ልትሠራላቸው?» ወዳለችው ልመልሳችሁ፤ ሁሉም ነገር የሚታወቀው በሳህን ነው።

በመጀመሪያው ምሽት እራት ካለቀ በኋላ ልጅቷ ተነሥታ ሳህን ትሰበስባለች። እናቷ እንዲህ ነው ያሳደገቻት። ሴትዮዋ «ተዪው» ትላታለች። ልጅቷ ቅር ይላታል፤ ከቤተሰብ ያልቆጠሯት ይመስላታል። ወይም ሴትዮዋ ዝም ትላታለች፤ ልጅቷም በየቀኑ ታጥባለች፣ ከዚያ መጥረግ፣ ከዚያ ሕፃኑን መያዝ ይጨመርባታል። ሁለቱም ጥግ ጥሩ አይደለም። በአብዛኛው ቤት ያለው ደንብ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን ሳህን ወደ ወጥ ቤት ይወስዳል፣ አልጋውን ያነጥፋል፣ ክፍሉን ያጸዳል፤ የቤቱ ልጆች የሚያደርጉትን ያህል ታደርጋለች፣ ከዚያ አይበልጥም። የቤቱ የአሥራ አምስት ዓመት ወንድ ልጅ ተቀምጦ እሷ ብቻ የምታጥብ ከሆነ ትቁጠረው። አንድ ቀን እርዳታ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ከሆነ ግን ሌላ ስም አለው። ያን ጊዜ የምትናገረው ለቤተሰቡ አይደለም፤ ቤቱን ላገኘላት ትምህርት ቤት ነው። ቤት መቀየር የተለመደ ነው፤ ነውርም ክስም አይደለም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚቀበል ሠራተኛ አላቸው። ብዙ የእኛ ልጆች ግን «ባለጌ እንዳልባል» ብለው እስከ መጨረሻው ይሸከሙታል። ወላጅ ከመሸኘቱ በፊት «ካልተመቸሽ ተናገሪ» ብሎ በግልጽ ቢፈቅድላት ይህን ሸክም ግማሹን ያራግፍላታል።

የወረቀት ጉዳይም አይዘንጋ። ለረጅም ጊዜ ትምህርት ስፔን የገባ ተማሪ በአንድ ወር ውስጥ የውጭ ዜጋ መታወቂያውን ማመልከት አለበት። አድራሻ ማስመዝገብም ስላለ ቤተሰቡ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በዚህ ሊረዳት ይችላል። ፓስፖርቷን ግን ራሷ ትያዝ። ዓረብ አገር ስለሄዱት ልጆች የሚሰማው ክፉ ወሬ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ፓስፖርት ከተወሰደ በኋላ ነውና፣ «ፓስፖርትሽ የት ነው ያለው?» ብሎ መጠየቅ ለከሚሴ ወላጅ ተገቢ ጥያቄ ነው።

ለስልኩም አንድ ነገር ልበል። ስፔን ከእኛ በክረምታቸው ሁለት፣ በበጋቸው አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ኩባ ግን ሰባትና ስምንት ሰዓት ነው። ከሚሴ ላይ ጠዋት ቡና ተፈልቶ ስትታወስ፣ ኩባ ያለች ልጅ ገና እንቅልፍ ላይ ናት። በየሰዓቱ መደወልም አይመከርም። በእናቷ ድምፅ ውስጥ የምትኖር ልጅ ከፊቷ ያለውን ቤት ማየት ይከብዳታል። ይልቅ በሳምንት አንድ ቀን፣ ቤተሰቡ በተሰበሰበበት፣ በቪዲዮ ይደወል። የዚህች እናትና የዚያች እናት ፊት ለፊት ይተያዩ። ልጅቷ መሐል ቁጭ ብላ ወዲህና ወዲያ ትተርጉም፤ «ምን አለች?» «ምን አለች?» ሲባል ማንም ከሷ በላይ ስፓኒሽ የማይችልበት ብቸኛ ሰዓት ይሆንላታል። ከከሚሴ በኩል ለመነሻ «ግራሲያስ» ትበቃለች፤ ከዚያ ወዲያ ከሻንጣው የወጣውን ቡና እንዴት እንደሚቆላ በእጅ ማሳየት ነው።